ይቅር ባዩ

«እሱም አረፈ፣ እኔም አረፍኩ» አለ ዘላለም፤ ከአልጋው ሳይወርድ፣ ሽርጡን እንኳን ደህና አድርጎ ሳያጠብቅ። ሰው ወንድሙ ሞተ ብሎ ካመነ በኋላ ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? እሱ ራሱም አላሰበም። ግን አለው። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ በግንቦት ሸዋሮቢት ቤት ውስጥ ስለማያስተኛ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበሩን ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ አስሮ ነበር ያደረው። የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ የከፈተችው ሚስቱ ሰላማዊት ናት። ሦስት ሽማግሌዎች ተከታትለው ገቡ፤ ሼህ አብዱልወሃብ ከፊት፣ የእናቱ የንስሐ አባት የነበሩት መምሬ ከኋላቸው፣ በመጨረሻም የመስኖ ውሃ በተራ የሚያከፋፍሉት አዛውንት። ሦስቱም ከሮቢ ወንዝ ማዶ የሚኖረው የታላቅ ወንድሙ የተሰማ ጎረቤቶች ናቸው። እንደምን አደራችሁ አሉ። ሰላማዊት አግዳሚ ወንበሩን ስትስብላቸው አንቀመጥም አሉ፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብስበው አልጋው ፊት ቆሙ።

በእኛ አገር በማለዳ ደጅ መትቶ የሚገባ፣ ተቀመጡ ሲሉት የማይቀመጥ ሽማግሌ ለሁለት ነገር ነው የሚመጣው፤ ወይ መርዶ ሊያረዳ፣ ወይ ሰው ሊያስታርቅ። ዘላለም ሁለተኛውን በሐሳቡም አላመጣው። ተሰማ ጉበቱን ታሞ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሦስት ሳምንት መተኛቱን ያውቃል። ባለፈው ማክሰኞ ሐኪሞቹ «ቤቱ ወስዳችሁ አስታሙት» ብለው እንደመለሱትም ሱቁ ድረስ መጥቶ የነገረው ሰው ነበር። ስለዚህ ሦስቱን እንዳየ ነገሩ ያለቀ መሰለው፤ ሼህ አብዱልወሃብ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደማቸው። መጀመሪያ ያንን ክፉ ቃል ተናገረ። ያ አልበቃው ብሎ፣ «አትቅበረኝ አልቀብርህም ብዬዋለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው፣ ቀብሩ ላይ አልገኝም። ድንኳኑንም እህሉንም እኔ እችላለሁ። ለሰው ግን ታሞ ነው የቀረው በሉልኝ» ብሎ ጨመረበት። አነጋገሩ ከገበሬ ጋር ስለ ውሃ ሞተር ዋጋ እንደሚነጋገር ሰው ደረቅ ያለ ነበር።

መምሬ መስቀላቸውን ጨብጠው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። የውሃው አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠርገው ተዉት። ሼህ አብዱልወሃብ ዞር ብለው በሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘላለም፣ ተሰማ አልሞተም። ይቅርታ ሊጠይቅህ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅህ ቆሟል» አሉት።

ጥፋተኛ የሚባል ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ሽማግሌ ገብቶ ፈቃድ እስኪያመጣለት ውጭ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። በሩ ደግሞ ገርበብ እንዳለ ነው። ቢዘጋስ ቆርቆሮ ምን ይጋርዳል? ከአልጋው እስከ በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም። ዘላለም ያን ጊዜ ድንጋይ መሬት ሲነካ ሰማ። አልተወረወረም፤ ተሰማ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሁሉ ቀስ አድርጎ ነው ያወረደው። ቀጥሎ የሚጎተት ኮቴ ሰማ፣ ቀጥሎ የባጃጅ ሞተር ተነሳ። ዘላለም በባዶ እግሩ ሮጦ ሲወጣ ባጃጇ መታጠፊያው ላይ ቆማ ሽማግሌዎቹን ትጠብቃለች። ከኋላ በኩል ጋቢ የደረበ ትከሻ ይታያል፤ የተሰማ ትከሻ እንደዚህ ጠቦ አያውቅም። ሃምሳ እርምጃ ቢራመድ ይደርስበት ነበር። ሽማግሌዎቹ በአጠገቡ አልፈው፣ አንድ በአንድ እየተደጋገፉ እስኪሳፈሩ ድረስም ጊዜ ነበረው። አይ ዘላለም! ሽርጡን በአንድ እጁ ይዞ እንደ ተገተረ ባጃጇ ሄደች።

ድንጋዩ በሩ ጥግ ቀርቷል፤ ከሮቢ ወንዝ የወጣ ለስላሳ ድንጋይ። ጎረቤት ሳያየው ብሎ ወደ ግቢ ሊያስገባው ጎንበስ ቢል ወገቡን ያዘው፣ ከብዶታል። ይህንን ነው እንግዲህ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ሰው የተሸከመው። እያንከባለለ አስገብቶ ከውሃው በርሜል ኋላ ሸጎጠውና ቀና ሲል ሰላማዊት ታየዋለች። አንዲት ነገር ብትለው፣ ብትሰድበው እንኳን ደስ ባለው። እሷ ግን አጎበሩን ከቅርንጫፉ ፈትታ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ፍራሹን ወደ ቤት አስገባች፣ ሻይ ቀድታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችለትና ልጃቸውን ሩትን ልታጥብ ገባች። ልጅቱ ከውስጥ «እማዬ፣ ማን ነው የመጣው?» ስትል ሰማ። «ሰዎች ናቸው» አለቻት እናቷ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ዝንብም ገባበት።

ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁን ከፈተ፤ ቤት ቁጭ ብሎ ያንን ዝምታ ከመስማት ይሻላል ብሎ ነው። ሱቁ ዋናው አስፋልት ዳር ነው፤ የውሃ ሞተር፣ ቱቦና መለዋወጫ ይሸጥበታል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ከቀወት መንደሮች ሁሉ ሰው ይወርዳል፣ የደሴ አውቶቡሶች ቆመው ተሳፋሪው በመስኮት ማንጎ ይገዛል፣ ባጃጁ ጥሩንባውን ያስጮኻል። ዘላለም በዚህ ሁሉ መሃል አንገቱን ደፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በሸዋሮቢት ወሬ ሦስት ሰዓት አይፈጅበትም፤ እስካሁን ቲማቲም ተራም፣ መናኸሪያም፣ ወፍጮ ቤትም ደርሷል ብሎ ቆርጧል። ባንኮኒው ጋ የሚጠጋውን ሰው ሁሉ ፊቱን ያያል፣ አሁን ሊለኝ ነው፣ አሁን ሊተፋብኝ ነው እያለ። አብዱልሀኪም የሚባል የሽንኩርት ገበሬ ለሞተሩ ቱቦ ሊገዛ መጣ፤ ሜትሩ መቶ ሰማንያ ሲባል ጮኸ፣ ሽንኩርት ከማሳ ላይ ኪሎው በሃያ ብር እየተጠየቀ ቱቦ እንዲህ ከተወደደ እኛ ምን እንብላ ብሎ ተማረረ። አሥር ብር ቀነሰለት። ሰውየው ቱቦውን እየጠቀለለ፣ በመሃል፣ ጋሽ ተሰማ እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀ። ዘላለም ደህና ነው፣ ተሽሎታል አለ። አልሐምዱሊላህ ብሎ ሄደ ሰውየው፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ከሰው ፊት ሲሸሽ ዓይኑ የሚያርፈው ሞተሮቹ ላይ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ ቀያይ ሞተሮች። እነሱን ማየት ደግሞ የባሰ ነው። ከተማው በጦርነቱ ሊያዝ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ሽቅብ ወደ ጣርማ በር የሸሸበት የኅዳር ቀን አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ዘላለም ያን ቀን አይሱዙ ተከራይቶ ሚስቱን፣ ልጁን፣ ፍሪጁንና አሥራ አንድ አዳዲስ ሞተሮች ጫነ። እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንዲት ፌስታል ይዛ ከቤት ወጣች። የተጫነውን ዕቃ ከታች እስከ ላይ አየችው። ከዚያ እኔስ ተሰማ ጋ እሆናለሁ፣ ለአሮጊት ምን ያደርጋሉ አለች። እሱም ሁለት ቀን ነው እማዬ፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው አላትና መኪናው ተነሳ። ሁለቱ ቀን ሦስት ሳምንት ሆነ፤ የደም ግፊት መድኃኒቷ አለቀ፣ የሚገዛበት ቦታ ጠፋ፣ እሷም ተሰማ ቤት አረፈች። ተሰማ ስድስት ሰው ይዞ፣ ድንኳን ሳይጣል፣ በዚያው ቀን ቀበራት። ዘላለም መንገድ ተከፍቶ ሲመለስ በለቅሶው ላይ፣ መንደር ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጋሼ የሚለውን ወንድሙን በደረቁ ስሙን ጠርቶ፣ እናቴን እኔ ሳልኖር እንደ ውሻ ቀበርካት ብሎ ጮኸበት፤ ያንን አትቅበረኝ አልቀብርህም የሚባለውን የማይመለስ ቃልም ያን ጊዜ ተናገረ። አዝኖ ነበር፣ ውሸት አይደለም። ግን የጮኸው አዝኖ ብቻ አይደለም። እናትህን ለምን ትተሃት ሄድክ የሚል ጠያቂ ሳይነሳ በፊት እሱ ጠያቂ ለመሆን ነው። ተሰማ ያን ቀን አንድ ቃል አልመለሰለትም።

ስድስት ሰዓት ላይ ባጃጅ ነጂው ፈይሰል ሱቁ ፊት ቆመ። ጠዋት ሽማግሌዎቹንና ተሰማን ያመጣው እሱ ነው፤ ጎማው ተንፍሶበት ንፋስ ሊያስሞላ ነበር የቆመው። ዘላለም ጠራው። ፈይሰል ገባና ዓይኑን መደርደሪያው ላይ አድርጎ ቆመ። የሆነውን ለስንት ሰው ነገርክ ብሎ ሊጠይቀው ነበር ያሰበው፤ ከአፉ የወጣው ግን እንዴት ደረሰ የሚል ነው።

«በሰላም ደርሰዋል» አለ። «መንገድ ላይ ባጃጁን አስቁመው ሁላችንንም አስማሉን። ‹ከዚህ ባጃጅ ወሬ ቢወጣ እኔና እናንተ ተለያየን› ነው ያሉት። እኔንም ጭምር። ስለዚህ እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ጋሽ ዘላለም።»

ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ያውቃል ብሎ ሲሸማቀቅ የዋለው ለካ ማንም አያውቅም። እፎይ ሊል ይገባው ነበር። እፎይታ ግን አልመጣለትም፤ ወሬ ቢወጣ እኮ ቢያንስ ተሰማ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ የተቆጣን ሰው ደግሞ እግሩ ላይ ወድቀህ ትለምነዋለህ። ያ በሽተኛ ሰው ግን ከተሰደበበት ደጅ እየተመለሰ፣ የሰዳቢውን ስም ሲጠብቅለት ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሱቁን በቀን ዘጋ። ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ ፍራፍሬ ተራ ወርዶ ሁለት ኪሎ ብርቱካን በአምስት መቶ ብር ገዛ፤ ሻጯ ለበሽተኛ ከሆነ ብላ ለስላሳ ለስላሳውን መረጠችለት። ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈይሰል ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠ። ወንዙን ተሻግረው፣ በሽንኩርት ማሳዎች መሃል አቧራ እያስነሱ ሲሄዱ ፈይሰል ቴፑን አልከፈተም፤ ዘላለምም ምን እንደሚል ያሰላስል ነበር። ይቅር በለኝ ጋሼ ይላል። ከዚያስ? ሞትክ ብዬ ነው ይለዋል? እሱ ነው እኮ ጥፋቱ።

የተሰማ ሚስት ከበቡሽ ከሩቅ አይታው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ዘላለም ባለበት ቆመ፤ ብትመልሰኝ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። እሷ ግን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ፣ ጉንጩን እያገላበጠች ሳመችው፣ አለቀሰችም። ጋሼህ ነግሮኛል አለችው፤ ጠዋት ሽማግሌ ሳትመልስ እሺ እንዳልክ፣ ድንጋዩንም በገዛ እጅህ ከማጅራቱ እንዳወረድክለት፣ ቁርስ ብላ ብለህ ለምነኸው ሕመሙ አላስቀምጥ ብሎት እንደተመለሰ ሁሉንም ነግሮኛል አለች። ተባረክ፣ ከእንግዲህ እሱም ሳይጨነቅ ይታመማል አለችው። ዘላለም ብርቱካኑን ሰጣት እንጂ አፉን አልከፈተም። እትዬ፣ አይደለም ማለት ይችል ነበር። ሁለት ቃል ናት።

ተሰማ በራፉ ላይ፣ ዳሱ ጥላ ሥር፣ የጠፍር አልጋ ላይ ተጋድሟል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ እግሩ አብጧል፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋዩ የላጠው ቦታ ቀልቷል። ዘላለምን ሲያይ አልደነገጠም፤ ከበቡሽን ውሃ ብትቀጅለት ብሎ ላካትና አጠገቡ ያለውን በርጩማ በእጁ አሳየው። ዘላለም አልተቀመጠም። አልጋው ሥር ተንበረከከ፣ ያበጠውን እግር በሁለት እጁ ይዞ ይቅር በለኝ አለ፣ ደግሞ ይቅር በለኝ አለ። ተሰማ ተነስ እንጂ፣ ሰው ይመጣል አለው። ቁጣ የለበትም፤ ልጅ ሆኖ ወንዝ ዳር ሲንከባለል ተነስ ይለው እንደነበረው ነው ያለው። ዘላለም ተነስቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ለምን መጣህ ብሎ ጠየቀው፤ የበደልኩት እኔ ነኝ፣ ድንጋይ መሸከም የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አንተ ለምን መጣህ አለው። ታላቅ ለታናሽ ድንጋይ ሲሸከም አይተን አናውቅም ብለው ሽማግሌዎቹም ተከራክረውት እንደነበር ተሰማ ነገረው። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ፣

«አንተን አውቅሃለሁ፤ አልቀብርህም ካልክ አትመጣም» አለ። «እኔ ሬሳ ነኝ፣ ምን ቸገረኝ። አንተ ግን ከነልጅህ ‹ወንድሙን ያልቀበረ› ስትባል ትኖራለህ። ይቅርታውን እኔ ከጠየቅኩ ቃሉ ይፈታል፣ ሳታፍርም ትመጣለህ ብዬ ነው።»

ዘላለም ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ማልቀስ እንኳን ያሳፍረው ነበር፤ የማን ለቅሶ ነው የሚያለቅሰው? ተሰማ ሰማዩን ያያል፤ ከማዶ የሞተር ድምፅ ይሰማል፣ ሰው ሽንኩርቱን ያጠጣል። እንግዲህ ያኔ ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለሚስቱም፣ ለንስሐ አባቱም ያልነገረው ነገር ከውስጡ የወጣው።

«ጋሼ፣ እማዬን ማሳፈር እችል ነበር። ሁለት ሞተር ባወርድ ቦታ ነበረ።»

«አውቃለሁ» አለ ተሰማ። «እሷም ታውቃለች። እዚህ ስትመጣ ‹ለዕቃው ሳስቶ ነው፤ አደራህን ለማንም እንዳትናገርበት› ነው ያለችኝ። አልተናገርኩም።»

ዘላለም በርጩማው ላይ ተኮራምቶ፣ እናቱ ያንን ሁሉ ሦስት ሳምንት እዚህ ዳስ ሥር ምን ስታስብ እንደነበር አሰበ፤ ለዕቃ የሳሳ ልጅዋን ስም ስትጠብቅ፣ መድኃኒቷ ሲያልቅም፣ አደራ ስትል። ተሰማም ያን የለቅሶ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ሲዘለፍ፣ አንዲት ቃል ተናግሮ አፉን ሊያስይዘው እየቻለ አፉን የያዘው ለዚህ ኖሯል። ዘላለም አሁን እናገራለሁ አለ በልቡ። የሚመጣው ሰው ይምጣ፣ ሁሉንም፣ የመኪናውንም፣ የዛሬ ጠዋቱንም በሰው ፊት እናገራለሁ፤ ወንድሜም ሳይሞት እውነቱ ይሰማለት። ይህን ቆረጠ፣ ከልቡ ነው የቆረጠው።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤት መምጣት ጀመረ፤ ቅዳሜ ከገበያ መልስ በሽተኛ መጠየቂያ ነው። ሰባት ስምንት ይሆናሉ፤ ሴቶቹ በስተግራ፣ ወንዶቹ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከኋላ ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ሼህ አብዱልወሃብ መጡና ከዘላለም ፊት ለፊት ቦታ ተለቀቀላቸው። ስለ ገበያው ተወራ፣ ሽንኩርቱ ረከሰ ተባለ፣ ዝናቡ ዘገየ ተባለ። ከዚያ ተሰማ በክንዱ ደገፍ ብሎ ቀና አለና፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ይቅር ብሎኛል፤ ይኸው ደግሞ ሊጠይቀኝ መጣ» አለ።

ዳሱ ሞቅ አለ። እሰይ እሰይ ተባለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ ተነስተው የዘላለምን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት እትዬ ጣይባ በርጩማቸውን ጎትተው ፊቱ ተቀመጡና ሁለት እጁን ያዙት። እንዲህ ነው ወንድም፣ እናታችሁ ዛሬ በመቃብሯ ደስ አላት አሉ። ያን ቀን በለቅሶው ላይ ስትናገር እኔም ነበርኩ፣ የተበደለ ሰው አፉን አይመርጥም ብዬ ነበር አሉ። የበደለህን ሳትመልስ ይቅር ያልክ አሉ፣ አላህ ልብህን እንዳሰፋኸው ያስፋልህ፣ ለልጅህ ይትረፍላት፣ የይቅር ባይ አምላክ ክፉ አያሳይህ። ሁሉም እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይከተላቸዋል። ሼህ አብዱልወሃብ ብቻ እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ እንዳደረጉ ዘላለምን ያዩታል፤ አይቆጡም፣ አይጠቅሱትም፣ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ተሰማ ዓይኑን ጨፍኗል።

ምርቃቱ አለቀ። አሮጊቷ እጁን እንደያዙ፣ ከተመራቂው አፍ የሚወጣውን ሊሰሙ ቀና ብለው አዩት፤ ሰውም ሁሉ ጸጥ አለ። ዘላለም የቆረጠውን አልረሳም። ሊናገር አፉን ከፈተ።

«አሜን» አለ።